የአኩራፊው ታፔላ

ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው «አኩራፊው» በሚል ነው፤ ልክ ሲወስድ አያወራ፣ ሲያስረክብ አይስቅ። የሰፋው ሱሪ ግን ጨርቁ ያልቃል እንጂ ስፌቱ አይለቅም። ተቀጥሮ ወደሚሠራበት የአለቃው ሱቅ ሰው የሚጎርፈው ይህን ፊቱን የማይፈታ ሰው ፍለጋ ነበር። እሱ ብቻ ቅጽል ስሙን እንደ ስድብ ቆጥሮ ያፍርበታል።

ዕድሜውን ለሌላ ሲሰፋ ኖሮ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ የራሱን የስፌት መኪና ተከለ። አለቃው ሳቀበት። «ሂድ፤ ደንበኛ ሲጠፋ ትመለሳለህ» አለው። ከመመለስ ሞቱን መረጠ።

የቀረው ስም ነበር። ለስም ደግሞ የሚስቱ ወንድም አለ። ሁለት ሱቅ ከፍቶ ሁለቱንም የቀበረ ሰው ነው። እኛ ዘንድ አማካሪ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው!

«‹ግራንድ ግሎባል ፋሽን ሴንተር›» አለ፣ ኮቱን እየቆለፈ።

«ግሎባል ምንድን ነው?» አለች ሚስት።

«ዓለም አቀፍ።»

«ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰው ይምጣልን እንጂ ዓለም ምን ይሠራልናል? ‹አኩራፊው› በሉት፤ የሚታወቀው በሱ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ባልሽን በአደባባይ ልትሰድቢው?»

ባል አኮረፈ። ኩርፊያው እንደ እሺታ ተቆጠረ።

ታፔላው ከበሩ ሰፋ። ክራባት ያሰረ ጎረምሳ ተስሎበታል፤ ውስጥ የተቀመጠው የተቀደደ ሱሪ የሚጥፍ ሰው ነው። መንገደኛው ቀና ብሎ ያያል፣ ኪሱን ይዳብሳል፣ ያልፋል። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ጥቅልላቸውን ታቅፈው ደጁ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ አኩራፊው እዚህ ገባ አሉኝ?»

«እማማ፣ ይሄ ፋሽን ሴንተር ነው። እንዲህ የሚባል ሰው የለም» አላቸው ባለኮቱ የሚስት ወንድም።

ልብስ ሰፊው ከመኪናው ኋላ ሰማ። «እኔ ነኝ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር። አፈረ። አሮጊቷ ሄዱ። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው፤ ሰው በእጁ ያፈራውን ስም ጥሎ ማንም የማያውቀውን በቀለም ያስጽፋል!

ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ እያለከለከች ገባች።

«አለቃህ ታፔላ ቀየረ። ‹አኩራፊው ልብስ ስፌት› ብሎ! ባለጥቅሏ እማማም እዚያ ተሰልፈዋል።»

በረረ፤ ባለኮቱም ተከተለው።

«ጋሼ፣ ስሜን ይመልሱ!»

«የቱን?» አለ አለቃው። «ያንተማ ግራንድ ግሎባል ነው። በርህ ላይ አንብቤዋለሁ።»

«አኩራፊው እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

«አኩራፊው እንዲህ አይለፈልፍም» አለ አንዱ ከሰልፉ። ሳቅ ሆነ።

አሮጊቷ ግን ጠጋ አሉ። «እኔስ አውቅሃለሁ። ያ ባለኮት ነው የለም ያለኝ። እሱ ከበርህ ካልጠፋ አልመጣም።»

ልብስ ሰፊው ዞር አለ። የሚስቱ ወንድም ወንበር ስቦ ከአለቃው ጎን ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ? ‹አኩራፊው› ለእርስዎ አይመጥንም። አንድ ዘመናዊ ስም አስቤልዎታለሁ…»

አለቃው ጆሮውን ሰጠ። ልብስ ሰፊው ትንፍሽ ሳይል የአሮጊቷን ጥቅል ተቀብሎ ይዟቸው ወጣ።