የታችኛው ድምፅ

የደረቀ በርበሬ ሽታ በሰነፈጠኝ ቁጥር የኪቦርድ ቁልፎች ኳኳታ ይመጣብኛል። ዜማው አይደለም። ኳኳታው ብቻ።

ቡታጅራ፣ እናታችን ከቆሼ ከተማ እያስመጣች የምትሸጠው በርበሬ በሚከማችበት ክፍል፣ ከጆንያዎቹ መሃል የታላቅ ወንድሜ የተመስገን ኪቦርድ ነበር። በበጋ በርበሬው እያስነጠሰን፣ በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ዜማውን እየዋጠብን፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የኖረ የአንድ ጀርመናዊ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ድርሰት እንለማመድ ነበር። ተመስገን የላይኛውን ድምፅ ይዞ፣ የታችኛውን እኔን አስተምሮኝ፣ አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተን እንቀመጥ ነበር። ሁለቱ ድምፆች እየተከታተሉ፣ እየተሸሹ፣ ፈጽሞ የማይደራረሱ መስለው ቆይተው መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ። እዚያ ስንደርስ ተመስገን ዓይኑን ይጨፍን ነበር።

«ሰውዬው አጨብጫቢ አልፈለገም» ይለኝ ነበር፣ ጣቱን ወደ ቆርቆሮው፣ ወደ ሰማይ ቀስሮ። «አንድ ሰሚ በቃው።»

እናታችን በር ላይ ቆማ፣ «ቆይ፣ ዘፈኑ የሚጀምረው መቼ ነው?» ትል ነበር።

«እማዬ፣ አለቀ እኮ!»

«ውይ! እኔ ገና እያስተካከላችሁት መስሎኝ።»

አብረን በተጫወትንበት በመጨረሻው ቀን፣ መሃል ላይ መብራት ጠፋ። እጄን አነሳሁ።

«ማን አቁም አለህ? ቀጥል» አለኝ።

ድምፅ በሌለው ኪቦርድ፣ የቁልፎቹ ኳኳታ ብቻ እየተሰማ፣ እስከ መጨረሻው ሄድን።

«መሃል ላይ ተሳስተሃል» አለኝ።

«በምን አወቅህ? ድምፅ የለው!»

«ሰማሁህ እኮ።»

በማግስቱ በርበሬ ሊያመጣ ወደ ቆሼ ሲሄድ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ተመስገን ሞተ። ቀበርነው።

ከቀብሩ በኋላ በነጋው ጠዋት፣ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ወደ በርበሬው ክፍል ገባሁ። ለቅሶ ቤት ሙዚቃ አይከፈትምና ኪቦርዱን ሳልሰካ፣ የእሱን ቦታ ትቼ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የታችኛውን ድምፅ ጀመርኩ። የእሱ ተራ ሲደርስ እየጠበቅሁ ቀጠልኩ። እናቴ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ዘፈኑ መቼ እንደሚጀምር አልጠየቀችም። ያን ቀን የተሳሳትኩበት ቦታ ስደርስ፣ ሆን ብዬ እንደገና ተሳሳትኩ።

«ተሳስተሃል» እስኪለኝ ጠበቅሁ።

ያኔ መብራት ጠፍቶም የሚሰማኝ ሰው ነበረኝ። አሁን መብራት አለ።