ትልቁ የአባባ ፎቶ

አባባ የጠፉ ቀን ከዘራቸው ጀሞ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ተደግፎ ቆሟል። እሳቸው የሉም። ከዓመት ወዲህ የሰው ስም እየጠፋባቸው፣ የገዛ በራቸውን እየሳቱ ስለነበር ያለ እኔ አይወጡም። የዚያን ዕለት ጠዋት እኔ ገላዬን ስታጠብ ወጡ። ወዲያው እህቴ ጋ ደወልኩ።

ከእህቴ ጋር እስከ ቀትር ፈልገን ስናጣቸው፣ አፋልጉኝ ለማሳተም ሰፈራችን ወዳለው ፎቶ ቤት ሮጥን። ግን የትኛውን ፎቶ? አባባ ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው ናቸው። ያለን አንድ ብቻ ነው፤ እህቴ ሰርግ ላይ ከዘመድ አዝማድ ኋላ የቆሙበት። ዋናውን ስልኬ ሞላ ብዬ አጥፍቼዋለሁ። የቀረው በቴሌግራም የተላከው ነው፤ እሱንም ስክሪንሾት አድርጌ፣ ፊታቸውን ብቻ ቆርጬ አስቀምጫለሁ። ብልጥ ነኝ ብዬ!

የፎቶ ቤቷ ባለቤት ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ አየችው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ትልቅ አይወጣም።»

«ስልኬ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል እኮ!»

«ትንሽ ሆኖ ስለምታየው ነዋ። ፎቶ ማለት የነጥብ ጥርቅም ነው። የሳቸው ፊት ከዳር እስከ ዳር መቶ ነጥብ ቢኖረው ነው። ጥርት ብሎ እንዲታተም ደግሞ ለአንድ ኢንች ብቻ ሦስት መቶ ይፈልጋል። ስናተልቀው ነጥቡ አይጨምርም፣ ያው ይለጠጣል እንጂ። በጉርድ ፎቶ መጠን ላውጣልህ፤ ቢያንስ ማን እንደሆኑ ይለያል።»

ጉርድ ፎቶ! አባቴ ጠፍተውብኝ አውራ ጣት የምታህል ነገር ልለጥፍ? እሳቸውን ማሳነስ መሰለኝ። «ያልኩሽን አትሚ!» ብዬ ጮህኩባት። አተመች። ፊታቸው ወረቀቱን ስለሞላው፣ «አፋልጉኝ» ከሚለውና ከስልክ ቁጥሬ በቀር ሌላ ጽሑፍ አልገባም። ቀረብ ብዬ ሳየው ዓይናቸው የነበረበት ቦታ ቡናማ ካሬዎች ተደርድረዋል። ፈራሁ። ሰው ከሩቅ ነው የሚያየው ብዬ ራሴን ዋሸሁና ከጀሞ እስከ ብስራተ ገብርኤል በየምሰሶው ለጠፍነው።

እስኪመሽ የደወለ አንድ ሰው ብቻ ነው። «ይቅርታ፣ የጠፉት ሴት ናቸው ወንድ?» አለኝ።

እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አባቴን ሁለት ጊዜ ያጠፋኋቸው መሰለኝ፤ አንዴ ከቤት፣ አንዴ ከወረቀቱ ላይ።

በማግስቱ ፎቶ ቤቱ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሴትየዋ የትንንሽ ፎቶ ጥቅል ዘረጋችልኝ። «ትናንት እንደሄዳችሁ ነው ያወጣሁት» አለች። ትንሿን ሳያት አባባ ናቸው፤ ቅንድባቸው፣ የተቆጣ የሚመስለው ከንፈራቸው ሳይቀር። እንባዬ መጣ።

እህቴ ጀሞን ስትይዝ እኔ ለታክሲ ረዳቶች እያደልኩ ብስራተ ገብርኤል ደረስኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጧፍ የሚሸጡ እናት ትንሿን ፎቶ ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩ።

«እኚህማ ትናንት አመሻሽ መጥተው እዚሁ ያደሩት አባት ናቸው! ዳቦም ሰጥቻቸዋለሁ።»

«ፎቷቸው እዚያ ምሰሶ ላይ አለ እኮ፣ እማማ!»

«የቱ? ያ? እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ፤ ሰውም አይመስል። እሳቸውም አሁን ወደዚያው ነው የሄዱት።»

ከበሩ ወዲያ ወደ ምሰሶው ሮጥኩ። አባባ ትልቁ ወረቀት ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። እሳቸው ራሴን እየዳበሱ በጣታቸው ወደ ወረቀቱ አመለከቱኝ።

«ሰው ጠፍቶባቸው ነው» አሉኝ። «እግዜር ያገናኛቸው በል።»

«አሜን» አልኳቸው።