በበረዶ ሳጥን የሄደው ናሙና

ችግሩ ባጭሩ ይህ ነበር፦ ሰባት ዓመት በትዳር፣ ልጅ የለም። ባልየው፣ የሰፈሩ ሰው «ዶክተሩ» የሚለው ማቀዝቀዣ ጠጋኝ፣ ደግሞ ብልሽት ሳያገኝ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ጆሮውን ከሞተሩ ጀርባ ለጥፎ ያዳምጣል፤ ከዚያ ገመዱን፣ ጋዙን፣ ቱቦውን አንድ በአንድ ያያል። በቤቱ ጉዳይ ግን ያስመረመረው ሚስቱን ብቻ ነው። «ምንም የለባትም» በተባለ ቁጥር ሌላ ሐኪም ዘንድ ይወስዳታል። እናቱም ምራታቸውን ሲያዩ «አይ የልጄ ዕድል!» ይላሉ። እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል።

አምስተኛዋ ሐኪም «ባልየውስ?» ስትል ሚስቱ ዞር ብላ አየችው።

ለዘር ናሙና የምትሆን ክዳን ያላት ትንሽ ብልቃጥ ሰጡት። ነርሷ «ከቤት ማምጣት ትችላለህ፣ ስልሳ ደቂቃ ሳይሞላ ይድረስ…» ስትል፣ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ የሰሙት መሰለውና ቀሪውን ሳትጨርስ ወጣ። ቀሪውን በሙያው ሞላው፦ ወተትም ሆነ ሥጋ እንዳይበላሽ ይቀዘቅዛል። ብልቃጧን ሳጥን ውስጥ በረዶ መሃል አስቀምጦ፣ ሳጥኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በታክሲ ሄደ።

የላቦራቶሪዋ ባለሙያ በማይክሮስኮፑ ደጋግማ አየች።

«ወንድሜ፣ አንድም የሚንቀሳቀስ የለም። በምንድን ነው ያመጣኸው?»

«በበረዶ። አራት ዲግሪ ላይ ነው የያዝኩት።»

«ዓሣ መሰለህ እንዴ! እንዳይበርደው ብብትህ ሥር ይዘህ ነው የምትመጣው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሁለተኛውን ናሙና እዚያው ክሊኒክ ሰጠ። አሁን የሚንቀሳቀሱ ተገኙ፤ ግን ጥቂት ናቸው፣ ያውም ዘገምተኛ። ሐኪሟ ከመረመረችው በኋላ በወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችው። የወንድ የዘር ፍሬ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሥራውን በደንብ የሚሠራው ከሌላው አካል ሁለት ዲግሪ ያህል ቀዝቀዝ ሲል ነው። ቅዝቃዜውን ከሚጠብቁለት አንዱ በዙሪያው ያሉት ደም ሥሮች ናቸው። የእሱ ደም ሥሮች አብጠዋል፣ ደሙ በደንብ አይመለስም፣ ስለዚህ ይሞቃል። በቀዶ ጥገና ሊስተካከል ይችላል። አዲስ ዘር ተሠርቶ ለመብሰል ግን ከሁለት ወር በላይ ስለሚፈልግ፣ ውጤቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው።

ያለ አንድ ጥያቄ ገባው። ያሳፈረውም ይኸው ነበር፤ ዕድሜ ልኩን የሰው ማቀዝቀዣ ሲፈትሽ ኖሮ፣ በራሱ ብልሽት ሰባት ዓመት ሚስቱን አስወቀሰ።

ደረጃውን ሲወርዱ ሚስቱ «ቀዶ ጥገናው ያንተ ጉዳይ ነው» አለችው። «ለእናትህ ግን ንገርልኝ። እኔ ባለሁበት።»

ሁለት እሁድ እናቱ ቤት ሄደው እሱ ሳይናገር ተመለሱ። መጀመሪያ የእናቱን ማቀዝቀዣ በር ጠገነ፣ ቀጥሎ ያልተበላሸውን አምፖል ቀየረ። ዛሬ ሦስተኛው እሁድ ነው። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«አሁንም ምንም የለም?» አሉ እናቱ፣ ዓይናቸውን ምራታቸው ሆድ ላይ አሳርፈው።

«እማዬ፣ እሷን ተያት።»

«ታዲያ ማንን ልያዝ?»

አንገቱን ደፍቶ ለምንጣፉ የሚናገር ይመስል አጉረመረመ።

«ምን አልክ? አልሰማሁህም።»

ሚስቱ አላገዘችውም። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቀና አለ፣ የእናቱን ዓይን ፈልጎ ከመጀመሪያው ጀመረ፦ «እማዬ፣ ሐኪም ቤት የተገኘው ችግር…»