በአንድ እጅ የሚከፈት ሰንጢ

ከልጄ ጋር ገላን ኮንዶሚኒየም በር ላይ ቆመን፣ ብርቱካን ሻጩ ሰንጢውን በአውራ ጣቱ ቀጭ አድርጎ ሲከፍት፣ እማዬ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ካለ ሱቅ ሰንጢ ስትመርጥ ግራ እጇ የእኔን እጅ አልለቀቀም። አንዱ ያለ ጥፍር አይከፈትም፣ የሌላው ማጠፊያ ደረቅ ነው። ሦስተኛው በአውራ ጣቷ ብቻ ተከፈተ።

«በሁለት እጅሽ ብትከፍቺው ምናለበት እህቴ?» አላት ባለሱቁ።

«አንዱ እጄ እሷን ይይዛል።»

ሰውዬው ገንዘቡን ተቀብሎ መልስ ቆጠረላት።

ስንወጣ «አባትሽ ቅዳሜ ይፈታል» አለችኝ። እኔ በደስታ ዘለልኩ። እሷ ግን ሰፈር እስክንደርስ ሰንጢውን ስትከፍት ስትዘጋ ቆይታ መቀነቷ ውስጥ ሻጠችው።

«እማ፣ እጄን አሳመምሽኝ» አለች ልጄ።

ብርቱካን ሻጩ የላጠውን ዘርግቶልኝ ቆሟል። እኔ የልጄን እጅ ጨምድጄ ይዣለሁ።