ካውያ ያላሸነፈው ፀጉሬ

ፍም በሞላ የከሰል ካውያ ተተኩሶ እጅ ያልሰጠ ፀጉር ከሚሴ ውስጥ ያለው እኔ ብቻ ነኝ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ግን ዛሬም በሴቶች ፀጉር ቤት በር ሳልፍ የተለበለበ ፀጉር ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ግራ ጆሮዬ ብቻዋን ትሞቃለች።

ከርዳዳ ነበርኩ፤ ያውም የከርዳዳ አውራ። ክረምት ላይ ካፊያው ፀጉሬ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ቆዳዬ ሳይርስ ቤት እገባ ነበር። በጋ ላይ ጨፋ ወርደን ማሽላ ሲወቃ እብቁ ይሰገሰግበትና እናቴ ስትለቅም ታመሽ ነበር። የሰፈር ልጆች «ቁንዶ በርበሬ!» ሲሉኝ አብሬያቸው እስቅ ነበር፣ ቤት ገብቼ ግን በውሃ አርሼ፣ በሻሽ ጥፍር አድርጌ አስሬው አድር ነበር። ልላጨው እንዳልል፣ ጭንቅላቴ ሲላጭ ድንች ነው።

አንድ መስከረም ለመውሊድ መንዙማ ከሚሉት ልጆች ፊት እንድቆም ተመረጥኩ፤ ድምፄ እንደሆነ ወደር አልነበረውም። ልጆቹ ግን «አንተ ፊት ከቆምክ ከኋላ ያለው ሰው ምን ሊያይ ነው?» ብለው ተንከተከቱ። ያን ቀን አብሬ መሳቅ አቃተኝ። ወይ ፀጉሬ ይተኛል፣ ወይ እኔ አልሄድም አልኩ።

ዋዜማውን አባቴ ገበያ፣ እናቴ ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ታላቅ እህቴን ዘይነባን ለምኜ ካውያውን ፍም አስሞላኋት። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጭንቅላቴን አጋድሜ ተኛሁ፤ እርጥብ ጨርቅ ጣለችብኝ።

«ብትነቃነቅ ጆሮ የለህም!»

«አንቺ ብቻ እጅሽ አይንቀጥቀጥ።»

«እጄ መች ሆነና፣ ሆዴ ነው የሚንቀጠቀጠው። ወላሂ ይቅርብህ!»

«ተኩሽ አልኩሽ!»

ጨርቁ ችስስ አለ። ሙቀቱ ወደ ጆሮዬ እየወረደ መጣ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው፣ አንድ ፍም ተፈናጥሮ አንገቴ ስር ሲወድቅ ትንፋሼን ዋጥኩ። ይሄኔ በሩ ተከፈተ።

«ማል ጎቱ! ምን እየሠራችሁ ነው?» አለ አባቴ፤ ሲደነግጥ ኦሮምኛው ነበር የሚቀድመው።

ዱላ ስጠብቅ ካውያውን ተቀብሎ ደጅ አስቀመጠና ተመልሶ ፊቴ ቁጢጥ አለ። ከዚያ ሲተኛ እንኳ የማያወልቀውን ኮፍያ አወለቀ። አገሩ ሁሉ «ለዲኑ ካለው ጥንካሬ ነው» የሚለው ኮፍያ ነው። ከስሩ የኔው ፀጉር ቁጭ ብሏል፤ ከጆሮው በላይ ግን ፀጉር የማያበቅል፣ እንቁላል የሚያህል ጠባሳ።

«በጋለ ብረት ነው» አለኝ። «ባንተ ዕድሜ፣ ሉጫ እሆናለሁ ብዬ።»

«ከዚያስ አባ?»

«ከዚያማ ከርዳዳነቱ ላይ መላጣ ጨመርኩበት።»

በማግስቱ በአስፋልቱ ሲወስደኝ በአንድ እጁ እኔን፣ በሌላው ኮፍያውን ይዞ ነበር። ሰው ሰላምታውን እያቋረጠ ጠባሳውን ያያል፣ አባቴ «አሰላሙ አለይኩም» እያለ አንገቱን ሳይሰብር ያልፋል። መውሊዱ ደጅ ስንደርስ ኮፍያውን አጠለቀና ወደ ፊት ገፋ አደረገኝ። ከኋላዬ አንዱ «ቁንዶ በርበሬ» ሲል ሰማሁ። ዞሬ አላየሁትም፤ አፌን ከፍቼ ጀመርኩ።

ዛሬ የኔ ልጅ ፀጉሩ እንዲከረደድለት ብሎ ወንዶች ፀጉር ቤት በስፖንጅ ሲያስፈትግ ይውላል። በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ፤ መስታወት ፊት ተዝናንቶ ሲቀመጥ ደስ ይለኛል፣ ትንሽም እቀናበታለሁ። እኔ በዚያ ዕድሜ መስታወት ሳይ ነበር የምደበቀው።

ያን ቀን ድምፄ ጨፋ ሸለቆ ድረስ ተሰምቷል። ውሸት ነው የምትሉ ካላችሁ ዘይነባ ጨፋ ሮቢት አለችላችሁ፣ ሂዱና ጠይቋት። ካውያው ሲነካው አለቀሰ የምትላችሁን ግን እንዳትሰሟት።