ጀልባ ላይ የተገባ ሱባኤ

መርስዔ ኀዘን ባሕር ዳር ላይ፣ ከገበያው ጀርባ በተከራያት አንዲት ክፍል እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረ ዐሥራ አራት ዓመት ሆነው። አባቱ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ እሱም የግእዝ ግስ እያዜመ ነው ያደገው። እንግሊዝኛውንም ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ የለቀመው በዚያው በቅኔ ቤት ስልት ነበር። በቅኔ ቤት ግስ አለቃና ጭፍራ አለው፤ አርእስቱ ፊት ይቆማል፣ ሠራዊቱ ይከተለዋል። መርስዔም ለእንግሊዝኛው አለቃ ሾመለት።

«እንጆይ፣ ፊኒሽ፣ ኪፕ፣ ስቶፕ!» ይላል እያዜመ። «እነዚህ ጌቶች ናቸው። ባዶውን የመጣ ግስ አያስጠጉም። ‹ኢንግ› የምትባለዋን ዘርፍ ከጫፉ ላይ ያንጠለጥልና ይከተላቸው!»

አስተናጋጁ፣ ባለሱቁ፣ የባጃጅ ሾፌሩ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥለው ያዜማሉ። ኪፕ ዎኪንግ፤ ስቶፕ ቶኪንግ፤ ጎ ፊሺንግ፤ ጎ ስዊሚንግ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ማኅሌት የተቆመ ይመስለዋል።

ይህ ባለ ሸጋ ድምፅ መምህር ግን አንድ ነገር ደብቆ ይኖር ነበር። በዕድሜው ሙሉ ከፈረንጅ ጋር አንዲት ዐረፍተ ነገር ተነጋግሮ አያውቅም። በሐይቁ ዳር መንገድ ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳ ብቅ ሲል ጫማውን የሚያስር መስሎ ያጎነብሳል፣ ወይም ወደ ማዶ ይሻገራል። ተማሪዎቹ «የኔታ እኮ እንግሊዞችን በገዛ ቋንቋቸው ተከራክረው የረቱ ናቸው» ሲባባሉ ይሰማል። አዎ አይልም፤ አይደለምም አይልም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብቻውን ዳር ይቀመጥና ያንጎራጉራል፤

ሐይቁ ተንጣልሎ ሰማይ ሲያነጋግር፣
እኔ አፌን አጣሁት አንዲት ቃል ልናገር።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ትጉዋ ወንጌላዊት ነበረች። ከሐሙሲት፣ ከእናቷ ሻይ ቤት ተነሥታ የመጣች፣ አስጎብኚ ለመሆን የቆረጠች ልጅ ናት። እንግዳ ከጠፋ ሰነባብቶ ሳለ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ መጣች፤ የጀልባው ባለቤት አዘዘም ወንጌላዊትን «ይቺን ሴትዮ ዘጌ አድርሰሽ መልሻት። ከተግባባሽ ሥራው ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ግን እዚያው ሻይሽን አፍዪ» አላት።

ወንጌላዊት ወደ መምህሯ ሮጠች።

«የኔታ፣ አጠገቤ ብቻ ይቀመጡልኝ። ቃል ከጠፋኝ ያቀብሉኛል።»

እምቢ የሚልበት ምክንያት አጣ። ቅዳሜ ጠዋት ነጠላውን ተከናንቦ ጀልባዋ ላይ ወጣ።

ሞተሩ ተነሥቶ ወደቡ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ አሮጊቷ ዳር ላይ ወደበቀለው ደንገል እያመለከተች ተናገረች። መርስዔ ጆሮውን አቀና። በመጽሐፉ ላይ ለየብቻ ቆመው የሚያውቃቸው ቃላት በሴትዮዋ አፍ ተያይዘው እንደ ውኃ ፈሰሱ። አንዱንም አልያዘም።

ወንጌላዊት ዞረች። «የኔታ፣ ምን አለች?»

እጁ ሳያዝዘው ተነሣና ነጠላውን ወደ አፉ ሳበው። በሌላው እጁ ወደ ሰማይ አመለከተ፤ ዐይኑን ጨፈነ።

አዘዘ መሪውን እንደያዘ ሳቀ። «መምህር የዝምታ ሱባኤ ገቡ እንዴ? አሁን ወደብ ላይ ‹እንዴት አደርህ› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

መርስዔ ራሱን ነቀነቀ፤ አዎ፣ ገብቻለሁ። ነገሩ ከአፍ ሳይወጣ ውሸት ሆነ።

«ታዲያስ! ወደ ገዳም እየሄዱ አይደል?» ወንጌላዊት በአዘዘ ላይ ተቆጣች። «በዚህ አይቀለድም!»

ከዚያ ብቻዋን ቀረች። ጣቶቿ በጉልበቷ ላይ ዜማውን ሲቆጥሩ አያት፤ እንጆይ፣ ፊኒሽ፣ ኪፕ፣ ስቶፕ። ከዚያም ውኃው ላይ ወዳሉት ወፎች እያመለከተች «ዱ ዩ እንጆይ ዋቺንግ በርድስ?» አለች። የአሮጊቷ ፊት በራ። መለሰች፤ ጠየቀች፤ ወንጌላዊት ሳይገባት ሲቀር «አጌይን፣ ፕሊስ» አለች፤ አሮጊቷም ቀስ ብላ ደገመችላት። ያን ጊዜ ለመርስዔም ገባው። አሮጊቷ ልጅቷን የጠየቀቻት ሐይቁ ውስጥ ትዋኝ እንደሆን ነበር። ጎ ስዊሚንግ! ዐሥራ አራት ዓመት ያዜመው! ድገሚልኝ ማለት ብቻ ይበቃ ኖሯል።

ቆይታ አሮጊቷ ወደ እሱ እያየች ለምን እንደማይናገር በዝግታ ጠየቀች። ወንጌላዊት ደረቷን ነፍታ «ሂ ስቶፕድ ቶኪንግ፤ ፎር ጎድ» አለች። አሮጊቷ ካሜራዋን አወረደች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችለት። መርስዔ ጀልባዋ ብትሰነጠቅና ውኃው ቢውጠው ወደደ።

ዘጌ ወርደው የጫካውን መንገድ ሲጨርሱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቄስ ገብረ ኪዳን ቆመው ነበር፤ በወጣትነታቸው የአባቱ ተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው።

«መርስዔ! እንዴት ሰነበትህ?»

«አባ፣ ሱባኤ ላይ ናቸው» አለች ወንጌላዊት ፈጥና።

የቄሱ ፊት ተለወጠ። ገብተው አንድ ሙልሙል ይዘው ተመለሱ፤ በሁለት እጃቸው አቀረቡለት። ሊጠይቁት ያፈሩ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ ታማለች። ሦስት ወር ሆናት፣ ከአልጋ አልተነሣችም። በዚህ ሱባኤህ ስሟን አንሣልኝ። ስሟ ጸሎት ይባላል።»

ሙልሙሉ ገና ትኩስ ነበር። መርስዔ እጁ ላይ ያለውን አየ፤ የሽማግሌውን ዐይን አየ። ነጠላው ከአፉ ወረደ።

«አባ፣ ውሸቴን ነው።»

ቄሱ ቀና ብለው አዩት።

«ሱባኤ አልገባሁም። እንግሊዝኛ መናገር ፈርቼ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ስፈራ ኖርሁ።»

«ሂ ስታርትድ ቶኪንግ?» አለች አሮጊቷ በደስታ። መናገር መጀመሩ ብቻ ነበር የገባት።

ወንጌላዊት ዐይኖቿ እንባ አቅርረው አየችው። «እኔ እኮ ለእግዜር ነው ዝም ያሉት ብዬ ለሰው ነገርሁ። እኔንም አስዋሹኝ፣ የኔታ።»

ከሁሉም ያች ቃል ወጋችው። ሙልሙሉን ለመመለስ እጁን ዘረጋ፤ ቄሱ ግን አልተቀበሉም።

«ያዘው። የልጄ ድርሻ አለበት፤ በእውነት ጸልይላት። ለዚህ ለሠራኸው ደግሞ ቀኖና እሰጥሃለሁ።»

«ሱባኤ ልግባ፣ አባ። እዚሁ ገዳም ዘግቼ...»

«መደበቂያ ልጨምርልህ? ዝምታውን ሰርቀሃልና ዝምታ የለህም። ሰባት ቀን ጠዋት ጠዋት ወደቡ ላይ ቁም። የመጣውን እንግዳ በቋንቋው አናግር።»

«ይስቁብኛል።»

«ይሳቁብህ እንጂ! ቀኖና እኮ ነው፤ ድግስ የጠራሁህ መሰለህ?»

ሲመለሱ መርስዔ ሙልሙሉን በነጠላው ጫፍ ጠቅልሎ ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጠ። ወንጌላዊትና አሮጊቷ ከፊት ሆነው ሲያወሩ መጡ። ወደቡ ላይ አዘዘ ለልጅቷ «ሰኞ በጊዜ ነይ» አላት። ሥራው የእሷ ሆነ። እሷ ግን መምህሯን ሳትሰናበት ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ሐይቁ እንደ መስተዋት ተኝቷል። መርስዔ ወደቡ ላይ ቆመ፤ የት እንደሚያደርግ ያጣቸውን እጆቹን አንዴ ያጣምራል፣ አንዴ ይፈታል። ጀልባ ነጂዎቹ ወሬውን ሰምተዋል።

«መምህር!» ብሎ ጮኸ አዘዘ፣ ሌሎቹ እንዲሰሙለት። «ሱባኤው አለቀ እንዴ?»

ሳቁ ከጀልባ ጀልባ ዘለለ። መርስዔ ፊቱ እሳት ሆነ፤ ወደ ማዶ የሚሻገርበት መንገድ በዐይኑ ላይ ዞረ፤ ጫማው ማሰሪያ እንዳለው አስታወሰ። ግን አላጎነበሰም።

«ዛሬ ገና ገባሁ» አለ።

ሁለት ወጣት ፈረንጆች በወደቡ በር ገቡ። ወንጌላዊት ከጀልባዋ ላይ የመንሳፈፊያውን ሰደርያ እያራገፈች ቀና ብላ አየችው፤ እጇ ባለበት ቆመ።

መርስዔ ወደ እንግዶቹ ሄደ። አፉን ከፈተ፤ የመጀመሪያው ቃል ተሰብሮ ወጣ። እንግዶቹ አልገባቸውም፤ ጆሯቸውን አስጠጉ። ከኋላው አንድ ሰው ሳቀ።

«አጌይን» አለ ለራሱ፤ ደገመውም።