ሲሞቀው የሚኮማተር ነገርና የተዘጋው መስኮት

ከጉለሌ የወጣሁበት ዕለት ሰዓት እላፊ ስለነበረ ስንብቱም በጥድፊያ ነበር። ፀሐይ ሳትገባ ቁስቋም ማርያም አቀበት ላይ ያለው ቤቴ በጎረቤት ሞላ። ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር፤ ልዩነቱ ሟቹ ራሱ ለእንግዶች ወንበር ማቅረቡ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበርም መጣ። ከቀለም ፋብሪካው ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለሥልጠና የተላክሁ ወዛደር ነበርኩና በሰፊው ሕዝብ ስም መከረኝ፤ የቡርዧ ኑሮ እንዳያማልለኝ፣ በቁስ እንዳልደለል አስጠነቀቀኝ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰደኝና የጫማ ቁጥሩን ነገረኝ። ጥቁር፣ ሶሉ ወፍራም፣ ከተገኘም የምዕራቡን።

ልጄ ሰብለ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አላለቀሰችም፤ በቤቴ ልቅሶ አልወድም ነበር።

ሥልጠናው ሲያልቅ፣ ከእኔ ቀድሞ አገር ቤት የተመለሰው ባልደረባዬ መታሰሩን ሰማሁ። በባቡር ወደ ምዕራብ በርሊን ተሻገርኩ። ኬሚስትሪን ያነበብኩት ፋብሪካ ውስጥ በምሳ ሰዓት ነው፤ አስተማሪ አልነበረኝም። ጀርመንኛውንም ከመዝገበ ቃላት ለቀምኩት። ይህችው የለቀምኳት እውቀት አንድ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ መጀመሪያ ጠርሙስ አጣቢ፣ በኋላ ረዳት አደረገችኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ነጭ ዱቄት ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ በውስጡ ያለው አየር በናይትሮጅን ተገፍቶ ይወጣል፤ ይሞቃል፤ ምላሹን የሚያስጀምረው ኬሚካል ጠብ ሲደረግበት ጥርት ያለው ውሃ እንደ አጓት ይደፈርሳል። ድፍርሱ ዓይን የማያያቸው የፖሊመር ቅንጣቶች ናቸው። ማያያዣ ጨምረን በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ስናረጋው ደግሞ መረብ ይሆናል፤ ውሃ የጠጣ፣ የሚንቀጠቀጥ ጄል። የሚገርመው ጠባዩ ነው። ሲቀዘቅዘው ይነፋል፣ ይጠራል። ከሰው ገላ ትንሽ ዝቅ ያለ ሙቀት ሲነካው ግን ውሃውን ተፍቶ ይኮማተራል፣ ይነጣል። እኛ አገር ሊጥም ሰውም ሲሞቀው ነው የሚነፋው። ጀርመኖች ይህን ነገር መውደዳቸው አልገረመኝም።

አከራዬ ፍራው (ወይዘሮ) ሊንደ በረዶ እየጣለ እንኳ ጠዋት ጠዋት ክፍሌን ከፍታ ትገባና መስኮቱን ወለል ታደርገዋለች።

«አየሩ መቀየር አለበት» ትለኛለች።

«ትናንት የቀየሩትስ ምን ሆነ?»

«ተኝተውበታል።»

አዲሱ ገበያ የቆመ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚደርስበት የምታውቁ ፍረዱኝ። እሷ ትከፍታለች፣ እኔ እዘጋለሁ፤ ክረምቱ እንዲህ አለፈ።

የውጭ አገር ዜጎች ቢሮ የገባሁት ባለቤቴን ወርቅነሽንና ሰብለን ለማስመጣት ነው። ሹሙ ቀና ሳይል ሥራዬን ጠየቀኝ።

«ሲሞቀው የሚኮማተር ነገር እሠራለሁ።»

«ለምን ይጠቅማል?»

«ገና አልታወቀም። ምናልባት መድኃኒት ይሸከማል ይላሉ።»

«ጥቅሙ ያልታወቀ ነገር የሚሠራ ጀርመናዊ አልተገኘም?»

«ተገኝቶ ነበር። ፕሮፌሰር አደረጉት።»

አልሳቀም። የሙሉ ዓመት የሥራ ውል ካመጣሁ ቤተሰቤ እንደሚፈቀድልኝ፣ ልጅቷ ግን አሥራ ስድስት ከሞላት በልጅነት እንደማትገባ ነገረኝ። ለሰብለ ጥቂት ወራት ቀርተዋት ነበር።

ውሉ ደግሞ ለምርምሩ ገንዘብ በሚሰጡት ሰዎች እጅ ነበር። መጥተው ጄሉን በዓይናቸው እንዲያዩ የላቦራቶሪያችን ፕሮፌሰር ጋበዛቸው። ሳህኑን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ጄሉ እንደ መስታወት ጠርቶ፣ ሳህኑን ሞልቶ ተቀመጠ፤ ጨርቅ አለበስኩት።

ዕለቱ የበጋ ሐሩር ነበር። እንግዶቹ ደረጃውን ወጥተው ሲገቡ ሁሉም ሽማግሌዎች፣ ሁሉም በላብ የራሱ ናቸው። ፊት ለፊት ያሉት መስኮቶች ወለል ብለዋል፤ ንፋሱ በመካከላቸው ያፏጫል። ላብ የነከረው ሽማግሌ ንፋስ መካከል ቆሞ እያየ ዝም የሚል ሰው ጉለሌ አላደገም። ቀስ ብዬ ሁሉንም ዘጋኋቸው።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ንግግር ጀመረ። ስብሰባ የጨቋኞች ጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ በነፃው ዓለምም ንግግር አያልቅም። ማድረቂያው ምድጃ ከጎናችን ይነዳል፣ ፀሐይዋ በመስታወቱ ትገባለች፣ ሰውየው ስለ መጪው ዘመን ያወራል። በመጨረሻ ጨርቁ ተነሣ። ጄሉ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጥቶ፣ ኩምትር ብሎ በገዛ ውሃው ውስጥ ተኝቷል።

«አሁን እጅዎን ሲያስጠጉ ይኮማተራል» አለ ፕሮፌሰሩ፣ ገና ሳያየው። አንዱ ሽማግሌ እጁን አስጠጋ። ምንም የለም። ሊኮማተር የቀረ ነገር አልነበረም።

ፕሮፌሰሩ ወደ መስኮቶቹ ዞሮ ማን እንደዘጋቸው ጠየቀ።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ላብ ላይ ንፋስ እንዳይመታቸው።»

ሽማግሌው እናቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ የተጨነቀለት ሰው እንደሌለ ተናግሮ እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ ምሳ ሄዱ። ጄሉ ቀዝቅዞ መልሶ ሲጠራና ሲነፋ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ውሉን ለግማሽ ዓመት ብቻ አደሱት።

ይህን ለምታነቡ ስደተኞች፣ ደግነታችሁን አገር ቤት ትታችሁ ኑ አልልም። ግን ለሰው ከማዘናችሁ በፊት ቴርሞሜትሩን ተመልከቱ።

እሑድ ወደ ጎረቤታችን ወደ ጋሽ ታደሰ ቤት ደወልኩ፤ ስልክ ያለው እሱ ጋ ነው። ሰብለን አቀረቡልኝ። ልጅን መሸንገል አልወድም።

«በልጅነት አትመጪም» አልኳት። «ትምህርትሽን ግን...»

«እሱን ሰምቻለሁ አባባ።» አቋርጣኝ አታውቅም ነበር። ድምጿ ወፍሯል። «ታዲያ እርስዎ ለምን አይመጡም?»

ወርቅነሽ ስልኩን ነጠቀቻት፤ መስመሩን ማን እንደሚያዳምጥ አይታወቅም። «ልጅ ናት፣ ዝም ብላ ነው የጠየቀችው» አለችኝ ጮክ ብላ። ቀጥላ ምሳ ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ። ድንች አልኳት። በምን እንደተሠራ ጠየቀችኝ። በውሃ አልኳት። ሰብለ ከጀርባዋ ሆና ዝም ብላ እንዳልጠየቀች፣ መልስ ፈልጋ እንደሆነ ስትናገር ይሰማኛል።

«ጨውስ አለው?» አለችኝ ወርቅነሽ።

አለው አልኳት።